የልጅዎ የወር አበባ ሕመም እና የታዘዘላት የሆርሞን ኪኒን

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ19 ዓመት ልጅዎ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከትምህርት እንደምትቀር፣ በአልትራሳውንድ ታይታ «ምንም የለባትም» እንደተባለች፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሐኪም ኢንዶሜትሪዮሲስ ጠርጥሮ የሆርሞን ኪኒን ሲያዝላት «መካን ያደርግብኝ ይሆን?» ብለው እንደሰጉ ጽፈዋል።

እኔም በእርሷ ዕድሜ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ወጥ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተጠቅልዬ እውል ነበር። እማዬ ጤና አዳም የገባበት ቡና ታቀርብልኝና «ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኝ ነበር። የሕመሜን ስም የሰማሁት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም የሴት ልጅ ዕጣ ነው ብለው እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ በሚባለው በሽታ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም በአንጀት ላይ ይበቅላል፤ የወር አበባ በመጣ ጊዜ እርሱም ስለሚቆጣና ስለሚደማ ጠባሳ እየተወ የአካል ክፍሎችን እርስ በርስ ሊያጣብቅ ይችላል። ትንንሾቹ ቁስሎች በአልትራሳውንድ አይታዩም፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ «ጤነኛ ነሽ» ተብዬ በሦስተኛው ነው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) የተገኘብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገምታል።

ኪኒኑ መካን አያደርግም። በሽታውን ከሥሩ ባይነቅልም ቁስሉን ያረጋጋዋል፤ ሲቆም የወር አበባዋ ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ የታዘዘልኝ በየቀኑ 2 ሚሊ ግራም ዳይኖጀስት የተባለ የሆርሞን ኪኒን ነበር፤ የሚንጠባጠብ ደም ስላስቸገረኝ በሁለተኛው ወር አቋረጥኩት፣ ይህም ስሕተት ነበር፤ እንደገና ጀምሬ ስታገሥ በአራተኛው ወር ገደማ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቻልኩ። አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻም የሚሻለው ሕመሙ ሳይበረታ፣ ምግብ በልቶ ሲወሰድ ነው፤ ጨጓራ ካለባት ግን አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር።

ቀዶ ሕክምና፣ በተለይ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራው ላፓሮስኮፒ፣ ለእኔ ትልቅ ዕፎይታ ሰጥቶኛል፤ ሕመሙ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ቀለል ብሎም ቢሆን ተመልሷል። ሲስት ከእንቁላል ማምረቻው ላይ ሲነሣ የእንቁላል ክምችትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ገና ላልወለደች ልጅ ከመወሰንዎ በፊት ሐኪሙን ይህንኑ ለይተው ይጠይቁት። መውለድም ቢሆን መድኃኒት አይደለም፤ ብዙዎች በእርግዝና ጊዜ ቢሻላቸውም በኋላ ይመለስባቸዋል።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ልጅዎ ደም የመጣበትን ቀን፣ የሕመሙን ቦታና ብርታት፣ ሰገራ ስትወጣ ወይም ሽንት ስትሸና የሚያማት ከሆነም ይህንኑ በደብተር ጽፋ ትሂድ። እኔን «አንቺ ስታጋንኚ ነው» ያላለኝ የመጀመሪያው ሐኪም፣ የስድስት ወር ደብተሬን ገጽ በገጽ ያነበበው ነበር።