ጥንድ 5 እና የልብ 7-8 ሲደርሱህ

ወንድሜ፣ «ጥንድ 5 ወይም የልብ 7 እና 8 ሲደርሰኝ ሁሌ እገባለሁ፤ ለምንድነው የምሸነፈው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም በዚሁ ብዙ ተበልቻለሁ፤ የተማርኩትን ልንገርህ። የማወራው ስለ ቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅህ ይዘህ፣ አምስት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የሚገለጥበት ፖከር)፣ ኖ ሊሚት (ያለህን ሁሉ ማስያዝ የምትችልበት)፣ አስገዳጅ መነሻ ውርርዱ 1 እና 2 ዶላር ስለሆነ ጠረጴዛ ነው።

እነዚህ ካርታዎች ብቻቸውን ብዙ አያወጡም። የሚያዋጡት ተጋጣሚህ ፊት የተደረደረው ቺፕ (የመጫወቻ ገንዘብ) ብዙ ሲሆን ነው። ድሮ ካርታዬን ብቻ አይቼ እወስን ነበር። አሁን ግን ቀድሜ የማየው የሰውየውን ቺፕ ነው።

ጥንድ 5ን እንውሰድ። ፍሎፑ (መጀመሪያ አንድ ላይ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) ላይ ሌላ 5 የሚወርድልህ ከ100 ጊዜ 12ቱን ያህል ነው። ሰውየው ወደ 12 ዶላር ከፍ አደረገ እንበል። 100 ጊዜ ከፍለህ ብትገባ 88ቱን ጊዜ ካርታህን ትጥላለህ። 1,056 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ይህን ለመመለስ ብቻ፣ 5 በወረደልህ ቁጥር በአማካይ 88 ዶላር መብላት አለብህ። ሰውየው ሲጀመር የነበረው 60 ዶላር ከሆነ፣ ያለውን ሁሉ ብትወስድበትም አይሞላም። ደግሞ ሁሌ አይከፍልህም፤ ፍሎፑ ካላማረው ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ የምከፍለውን ቢያንስ 15 እጥፍ፣ ቢቻል 20 እጥፍ በእሱም በእኔም ፊት ካላየሁ አልገባም። ለ12 ዶላር ከ180 እስከ 240 ማለት ነው። የራስህንም ቁጠር። 50 ዶላር ይዘህ ከተቀመጥክ፣ ከአንድ ሰው ከ50 በላይ አትበላም።

7 እና 8 ሁለቱም ልብ ሲሆኑ ዓይን ይስባሉ። ግን ፍለሹ (አምስት ልብ) ፍሎፑ ላይ ሞልቶ የሚመጣው ከ100 ጊዜ አንዴ እንኳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምንም አይመጣም። ከመጣም ግማሽ ነገር ነው፤ አንድ 8፣ ወይም አንድ ልብ የጎደለው ፍለሽ። ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ምሽት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ስሞል ብላይንድ (ትንሹን አስገዳጅ ውርርድ የሚከፍለው ሰው ቦታ) ላይ ሆኜ በ7 እና 8 ገባሁ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8፣ 3 ሆነ። «ጥንድ 8 አለኝ» ብዬ 20 ከፈልኩ። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) ላይ 45፣ ሪቨሩ (አምስተኛው) ላይ 80። ሰውየው ኤስና ኪንግ ገለጠ። ቤቴ ሄጄ ሳስበው፣ ጥፋቱ 80ው ላይ አልነበረም። በየዙሩ ቀድሜ የምናገርበት ቦታ ላይ ሆኜ መግባቴ ነበር። ሰውየው ምን እንዳሰበ ሳላይ እኔ መወሰን ነበረብኝ።

በተን (ከፍሎፑ ጀምሮ መጨረሻ የምትናገርበት ቦታ) ላይ ስትሆን ነገሩ ይለወጣል። ሁሉም ቼክ ካሉ (ሳያስይዙ ካለፉ) ቀጣዩን ካርታ በነፃ ታያለህ። ካስያዙም ዋጋውን አይተህ ትወስናለህ። አንድ ልብ ሲጎድልህ በቀጣዩ ካርታ የመምጣቱ ዕድል ከአምስት አንድ አይሞላም። ፖቱ (መሃል ላይ የተከማቸው ገንዘብ) 40 ሆኖ 40 ሲያስይዝብህ ደግሞ ከሦስት አንድ ጊዜ መብላት ይጠበቅብሃል። ልቡ ሲመጣ ብዙ የሚከፍልህ ሰው ካልሆነ ተወው። አራተኛ ልብ ጠረጴዛው ላይ ከወረደ ደግሞ ጠንቀቅ በል፤ ከ8 የሚበልጥ ልብ ማንም እጅ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

በተን ላይ ሆነህ አራት ሰው በ2 ዶላር ከገባ፣ በሁለቱም ካርታዎች ግባ፤ እኔም እገባለሁ። 60 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው 12 ሲል ግን ጥንድ 5ን ጣለው። ከጣልከው በኋላ 5 ሲወርድ ታያለህ፣ ያንገበግብሃል። ከ100 ጊዜ 12ቱን እንደዚያ ይሆናል።