የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰውነት «በቃኝ» የሚልበት መንገድ

ጥያቄ

ልጄ ከውጭ አገር በመጣ ሰው እጅ አንዲት ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ላከልኝ። ክዳኗ ጠብታ መለኪያ አለው፤ በላይዋ ላይ «ሲቢዲ» ተብሎ ተጽፏል። ለጉልበት ሕመም ፍቱን እንደሆነና ሰውነታችን ራሱም ይህን የመሰለ ነገር እንደሚሠራ በስልክ አስረዳኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ይሄ እኮ ከሐሺሽ የሚወጣ ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል። ዕድሜዬ 63 ነው። እውን ሰውነታችን እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል? ዘይቱንስ ልጠቀምበት? ሳልጠቅሰው እንዳልቀር፣ ለልቤ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ።

*አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ

ውድ እናታችን፣ «ሳልጠቅሰው እንዳልቀር» ብለው መጨረሻ ላይ ያስቀመጧት ዓረፍተ ነገር ለእኔ የመጀመሪያዋ ናት። ሲቢዲ ዋርፋሪንን የሚሰባብሩትን የጉበት ኢንዛይሞች ሥራ ስለሚያዘገይ፣ መድኃኒቱ በደምዎ ውስጥ ከሚገባው በላይ ተጠራቅሞ ደም የመፍሰስ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሷን አይክፈቷት። ወስደው ከሆነም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደሚከታተልዎ ሐኪም ሄደው ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካውን፣ አይ.ኤን.አር. የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩ፤ ዋርፋሪኑን ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ።

ወደ ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ሰውነታችን ይህን የመሰለ ነገር ይሠራል በማለቱ ልጅዎ፣ ዘይቱ ከሐሺሽ ተክል ይወጣል በማለታቸውም ጎረቤትዎ እውነት አላቸው፤ ግራ የሚያጋባው የሥርዓቱ ስም ነው። ሳይንስ ወደዚህ የሰውነት ሥርዓት የደረሰው በተክሉ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ራፋኤል መሹላምና ይኼኤል ጋኦኒ እስራኤል ውስጥ ከካናቢስ (ሐሺሽ) ተክል የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ቲ.ኤች.ሲ.ን፣ ለይተው አወጡ፤ በ1988 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዲቬን ይህ ንጥረ ነገር አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ አገኙ። አንጎል ለሜዳ ተክል ብሎ በር አይሠራምና ከውስጥ የሚመጣው ባለቤት ሲፈለግ፣ በ1992 ከአሳማ አንጎል አንድ ስብ መሰል ንጥረ ነገር ተገኘ። አግኚዎቹ በሳንስክሪት ቋንቋ ሐሴት ማለት ከሆነው «አናንዳ» ወስደው አናንዳማይድ አሉት። በ1995 ቱ-ኤጂ የሚባለው ሁለተኛው ተከተለ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች፣ ሲቢ-1 እና ሲቢ-2 የሚባሉት ተቀባዮቻቸው፣ እንዲሁም የሚሠሯቸውና የሚሰባብሯቸው ኢንዛይሞች በአንድ ላይ የኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓት ይባላሉ። የበኩር ልጅ በታናሹ ስም እንደ መጠራት ያለ ነገር ነው፤ ሌላ ስም ወጥቶለት ቢሆን ኖሮ ጎረቤትዎም ባላስደነገጡዎት ነበር።

ሥራውን ለመረዳት ጠላ የሚቀዳበትን ድግስ ያስቡ። አስተናጋጇ ጆጓን ይዛ ትዞራለች፤ ባዶ ያየችውን ሁሉ ትሞላለች፤ ማቆም ያለባትንም የምታውቀው እንግዳው ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ «በቃኝ» ሲላት ነው። በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ሕዋስ ወደ ተቀባዩ ሕዋስ ብቻ ይፈስሳል። ኢንዶካናቢኖይዶች ግን፣ በ2001 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፦ መልእክት የበዛበት ተቀባይ ሕዋስ ከገዛ ሽፋኑ ስብ ላይ እዚያው በዚያው ሠርቶ ወደ ላኪው ይመልሳቸዋል፤ ላኪው ላይ ያለው ሲቢ-1ም ይህን ሲያገኝ የመልእክቱን ፍሰት ይቀንሳል። አስቀድመው ተሠርተው በጎተራ አይጠብቁም፤ ሥራቸው ሲያበቃም ኢንዛይሞች ወዲያው ይሰባብሯቸዋል። መዳፉ ብርጭቆው ላይ የሚቆየው ለአፍታ ነው።

ይህ «በቃኝ» ሕመም በሚተላለፍባቸው ነርቮች፣ ፍርሃትንና ትዝታን በሚይዙ የአንጎል ክፍሎች፣ በማቅለሽለሽና በምግብ ፍላጎት ላይ ይሰማል፤ ሲቢ-2 በበኩሉ ይበልጥ የሚገኘው በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ ሲሆን የብግነትን መጠን በመቆጣጠር ይሳተፋል። በጾም የዋሉ አይጦች አንጎል ውስጥ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከፍ ብለው ተገኝተዋል፤ ሐሺሽ ያጨሰ ሰው የሚያንገበግበው ረኃብም በዚሁ በር የሚገባ ነው።

ታዲያ «በቃኝ» የሚለውን ድምፅ ከውጭ ብናበዛው ጉልበትዎ አያርፍም ወይ? ይህ በትክክል ተሞክሯል። አናንዳማይድን የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2012 ታትሟል፦ አናንዳማይድ በደማቸው ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ሕመማቸው ግን ከባዶ ክኒን የተሻለ አልቀነሰም። በተቃራኒው በኩል ሲቢ-1ን የሚዘጋ ሪሞናባንት የተባለ የክብደት መቀነሻ በ2006 አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዶ፣ ሰዎችን ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ በማጋለጡ በ2008 ከገበያ ታግዷል። አንድ እንግዳ በቦታውና በሰዓቱ «በቃኝ» ማለቱና ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ መጮኹ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያው ተክል የሚወጣው ሲቢዲ ራሱ አያሰክርም፤ ሲቢ-1ንም እንደ ቲ.ኤች.ሲ. አጥብቆ አይዝም። የተጣራው ዓይነት በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። ለጉልበት ግን በ2023 ውጤቱ የታተመ የቪየና ጥናት በቀን 600 ሚሊግራም ሲቢዲን ከፓራሲታሞል ጋር ሰጥቶ ከባዶ ክኒን የበለጠ ጥቅም አላገኘበትም። በጠርሙስ ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ አይታመንም፤ በ2017 በታተመ ምርመራ በኢንተርኔት ከተገዙ 84 ምርቶች በ18ቱ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል። ቲ.ኤች.ሲ. ደግሞ በእኛ አገር በወንጀል ያስጠይቃል።

ስለ ጉልበትዎ፦ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አደገኛ ናቸውና ከፋርማሲ በራስዎ አይግዟቸው። ፓራሲታሞል የተሻለ ቢሆንም በየቀኑ የሚወስዱት ከሆነ አይ.ኤን.አር.ዎን ሊያሳድግ ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። (የእንስሳት ጥናቶች እንደሚጠቁሙት የፓራሲታሞል ማስታገሻነት በከፊል የሚያልፈው በዚሁ ሥርዓት በኩል ነው፤ ሳናውቀው በቤታችን ነበረ ማለት ነው።) ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ዘርግተው አምስት እስኪቆጥሩ ያቆዩት፤ ጠዋትና ማታ በየተራ አሥር አሥር ጊዜ ይደጋግሙት። ደረጃውን ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም፤ እጅዎ ከብረቱ አይለይ።

ጥያቄ

ሱሉልታ የምሠለጥን የ19 ዓመት ሯጭ ነኝ። ጠዋት በባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ ቀስ ብለን 50 ደቂቃ ስንሮጥ ደስታው እስከ ቀትር አብሮኝ ይውላል፤ በኮሮኮንች ላይ ፈጣን ሥራ በሠራንበት ቀን ግን ድካም ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ደስታው ኢንዶርፊን ነው» ይላሉ። ከሆነ በፈጣኑ ቀን የት ይሄዳል?

መልስ

ወንድማችን፣ ከላይ ለእናታችን የጻፍነውን ካነበብክ ግማሹን መልስ አግኝተሃል። ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሕመም ማስታገሻ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ግን ወደ አንጎል በቀላሉ አይሻገርም፤ ኢንዶካናቢኖይዶች ግን ስብ መሰል በመሆናቸው ያልፋሉ። በ2021 በታተመ ጥናት የኢንዶርፊንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት የተሰጣቸው ሯጮች ከ45 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ያው ደስታ ተሰምቷቸዋል፤ ኢንዶካናቢኖይዳቸውም ጨምሮ ተገኝቷል።

ልዩነቱ ከፍጥነቱ ነው። የሯጮች ደም ሲለካ አናንዳማይድ በጉልህ የጨመረው ልብ ከከፍተኛ ምቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚመታበት መካከለኛ ሩጫ እንጂ በእርምጃ ወይም በጣም በፈጠነ ሩጫ አልነበረም። በአንተ ዕድሜ ይህ በደቂቃ ከ141 እስከ 161 ምት ገደማ ይሆናል። ከጫካው ሩጫ እንዳቆምክ ሁለት ጣትህን አንገትህ ላይ አድርገህ ለ15 ሰከንድ ቁጠር፤ ከ35 እስከ 40 ካገኘህ እዚያው ክልል ውስጥ ነበርክ። ከቆላ አካባቢ መጥቶ ለልምምድ የተቀላቀላችሁ ጓደኛ ካለ፣ በሱሉልታ ከፍታ የአንተ ቀስታ ለእሱ ፈጣን ሥራ ሊሆንበት ስለሚችል፣ እሱም የራሱን ይቁጠር።