ዛፉን ሳታዪ ኤክስቴንሽን አትጀምሪ

ሰላም እህቴ። «ኦካምል ላይ የራሴን ሲንታክስ ኤክስቴንሽን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ካምልፒ4 ልማር ወይስ ፒፒኤክስ? ከየትስ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለሌላውም አንባቢ እንዲገባው፦ ኦካምል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ሲንታክስ ኤክስቴንሽን ቋንቋውን በራስሽ አጻጻፍ የምታሰፊበት ነው፤ ካምልፒ4 እና ፒፒኤክስ ይህን የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። እኔም እዚሁ ጅማ ሆኜ፣ የሚጠየቅ ሰው ሳይኖረኝ ነው የተማርኩት። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ካምልፒ4ን ተይው። የድሮ ጽሑፎች እሱን ስለሚያስተምሩ ሦስት ሳምንት ፈጅቼበታለሁ። እሱ የቋንቋውን ሰዋስው ራሱን ነበር የሚቀይረው። ደስ ይላል፣ ግን ኤዲተርሽም ሌላውም መሣሪያ ፋይልሽን ማንበብ ያቅተዋል። በፈረንጆቹ 2014 ኦካምል 4.02 ሲወጣ ከኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ከሚቀይረው) ጋር አብሮ መምጣቱ ቀረ፤ ፒፒኤክስም ያኔ ገባ።

ፒፒኤክስ አዲስ ሰዋስው አይፈጥርም። ይሄ ቶሎ ይግባሽ። ኮምፓይለሩ ኮድሽን እንደ ወትሮው አንብቦ ዛፍ (የኮዱን አወቃቀር በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚያሳይ) ያደርገዋል፣ ዛፉን ላንቺ ፕሮግራም ይሰጠዋል፣ አንቺ ለውጠሽ ትመልሺለታለሽ፣ ታይፕ (የእያንዳንዱን ዋጋ ዓይነት) ማጣራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ይሄ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ነው ወይስ ስትሪንግ (ጽሑፍ)?» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ አታገኚም። ገና አልታወቀማ።

እንግዲህ መማር ያለብሽ ዛፉን ነው። ዛሬ ማታ «1 + 2» ብቻ ያለበት ፋይል ጻፊና ኮምፓይለሩን በዲፓርስትሪ (-dparsetree) አማራጭ አስነሺው። «ፒኤክስፒ አፕላይ» (Pexp_apply) የሚል ይወጣል። ከሥሩ የመደመር ምልክቱ እንደ ማንኛውም ስም ተቀምጧል፣ ቀጥሎ ሁለት አርጊዩመንት (ለፋንክሽኑ የሚሰጡ ዋጋዎች)፣ 1 እና 2። መደመር ተራ የፋንክሽን ጥሪ ነው ማለት ነው! እኔ ይሄን ሳይ ነው የበራልኝ።

ላይብረሪ ካልሽ ፒፒኤክስሊብን (ppxlib) ያዢ። ዛፉ ከኮምፓይለር ቨርዥን ቨርዥን ይለዋወጣል፣ ያንን እሱ ያስታርቅልሻል። ሜታኩዎት (metaquot) የሚባለውንም ተጠቀሚ፤ ተራ ኮድ ትጽፊለታለሽ፣ እሱ ዛፉን ይሰጥሻል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ በእጅ መገንባት ያሰለቻል።

የኔ የመጀመሪያ ሥራ ከገበሬ ቀይ እሸት ቡና ለሚረከብ ጓደኛዬ የሠራሁት ፕሮግራም ላይ ነበር። የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ ዋጋ እያለ 14 ፊልድ ያለው ሪከርድ፣ እንዲህ ያለ ደግሞ ብዙ ሪከርድ። እያንዳንዱን ለኤክሴል ወደሚሆን መስመር የሚቀይር ፋንክሽን ያስፈልጋል፤ ያንን ኤክስቴንሽኑ እንዲጽፍልኝ ፈለግሁ። በመጀመሪያ የሁለቱን በእጄ ጻፍኩና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ተመሳሳዩን እንዳለ ትተዪዋለሽ፣ የሚለያየው ከዛፉ የሚነበብ ነው። አንቺም እንደዚህ ጀምሪ።

ግን ሁለት ጥፋት አጠፋሁ። የማመነጨው ኮድ ላይ ሁሉ ባዶ ሎኬሽን (ኮዱ ከየትኛው ፋይልና መስመር እንደመጣ የሚናገረውን) ሰጠሁ፣ የቦታ ጉዳይ ምን ያደርጋል ብዬ። ጓደኛዬ መቀየሪያ ያልተጻፈለት ታይፕ ያለው ፊልድ ጨመረ። ኤረሩ «ፋይል ነን (_none_)፣ መስመር 1» ይላል። እንደዚህ የሚባል ፋይል የለም። ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈልግ ውሎ ፈረንጅ አራዳ ድረስ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ፣ በጣም አዘንኩ። ከተጠቃሚው ኮድ የመጣውን ሎኬሽን ሁልጊዜ አሳልፊ። ኤክስቴንሽን የሚጽፍ ሰው የሌላው ሰው ኤረር ኃላፊ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ሌላ ኤክስቴንሽን ውስጥ ለጊዜያዊ ዋጋ «ኪሎ» የሚል ስም ሰጠሁ። ጓደኛዬም በራሱ ኮድ «ኪሎ» የሚል ነበረው፣ የኔው ሸፈነበት። ሁለቱም ፍሎት (የነጥብ ቁጥር) ስለሆኑ ኮምፓይለሩ ዝም አለ። የገበሬው ሂሳብ ግን ተሳስቶ ወጣ። ደግነቱ ገንዘቡ ሳይከፈል ነው ያየነው። ፒፒኤክስ ከእንዲህ ያለ የስም ግጭት በራሱ አይጠብቅሽም፤ በፒፒኤክስሊብ ጄን ሲምቦል (gen_symbol) አዲስ ስም አስወጪ። የተለወጠውን ኮድ ለማየት ደግሞ ዲሶርስ (-dsource) የሚል የኮምፓይለሩ አማራጭ አለ። ያኔ ባየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ አገኘው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የፈለግሽው ሪዘልት ወይም ኦፕሽን (ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ውጤት የሚይዙ ታይፖች) ማሰናሰል ብቻ ከሆነ ኤክስቴንሽን አያስፈልግሽም። ከኦካምል 4.08 ጀምሮ ለዋጋ ስም በምትሰጪበት ሌት ላይ ኮከብ ጨምረሽ (let*) የራሷን ትርጉም መስጠት ትችያለሽ።

የ«1 + 2»ን ዛፍ ካየሽ በኋላ የራስሽን ሁለት በእጅ የተጻፉ ፋንክሽኖች እዚህ ለጥፊልኝ። ማታ መብራት ካለ አይቼ የሚለያየውን አሰምርልሻለሁ።