ከወገብ ኦፕራሲዮን በኋላ ኑሮ እንዴት እንደሚሆን ቀድሞ ይታወቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽ ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ስለሆነ ከዛ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ከአሁኑ መገመት ይቻላል ወይ ብለሻል። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ከወገብ ኦፕራሲዮን የወጡ ብዙ ሰዎችን እንቅስቃሴ አሰርቻለሁ። በከፊል ይቻላል፣ ግን ሁሉም ኤምአርአዩን፣ ማለት የወገቡን ውስጥ የሚያሳየውን ምስል ብቻ ነው የሚያየው። ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይ እኮ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ መሳይ ነገር) ወጣ ብሎ ይታያል፣ ደሞ ኦፕራሲዮኑ ቆንጆ ተሰርቶ አጥንቱን የሚይዘው ብሎንም ቦታው ላይ ሆኖ ሰውየው ግን እንደ ድሮው የሚሰቃይበት ጊዜ አለ።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "የበለጠ የሚያምዎት እግርዎት ነው ወይስ ወገብዎት?" ብዬ ነው። ነርቭ ተጭኖ ወደ እግር የሚወርድ ህመም ከሆነ ጫናው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይቀላል፣ አንዳንዱ ከሰመመን እንደነቃ እግሬ ተሻለኝ ይላል። ወገብ ብቻ ከሆነ ግን እንደዛ አፍ ሞልቶ ተስፋ መስጠት ይከብዳል። ድንዛዜና የእግር መዛል ደሞ ከህመሙ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፣ ወራት ይፈጃል፣ ነርቩ ብዙ ጊዜ ተጭኖ ከቆየ ጭራሽ ላይመለስም ይችላል፣ ይሄ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ነው ኦፕራሲዮኑ አልሰራም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላው ስሜታቸው ነው። ድብርት፣ ጭንቀት፣ ብንቀሳቀስ አንድ ነገር እሆናለሁ የሚል ፍርሃት ያለበት ሰው ውጤቱ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እሱም ይታከም። ጠንካራ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ይከብደዋል። አጥንት የሚያያይዝ ኦፕራሲዮን ከሆነ ሲጋራ አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋል፣ የሚያጨሱ ከሆነ ቀድመው ያቁሙ።

ኦስዌስትሪ የሚባል መጠይቅ አለ፣ 10 ክፍል ነው፣ መቀመጥ፣ መራመድ፣ መተኛት ምናምን ይጠይቃል፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 100፣ ከፍ ሲል ችግሩ ብሷል ማለት ነው። አሁን ያስሞሏቸው፣ ከዛ በ3 ወርና በአመቱ ይደገም፣ ያኔ መሻሻሉን በግምት አታወሩም። ሰርጀኑንም ይሳካል ወይ ብለሽ ብቻ አትለፊ፣ የትኛው ህመማቸው እንደሚቀንስ የትኛው ሊቀር እንደሚችል ለይቶ ይንገርሽ።

ግን ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ወይ በጭናቸው መሀል ከደነዘዛቸው ይሄን ሁሉ ተይውና በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።