ሆቴሉን ከመግዛታችሁ በፊት ለሸጡት ሰዎች ደውል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቀን አካውንቲንግ እማራለሁ፣ ማታ አንድ ብራንድ ሆቴል ውስጥ ናይት ኦዲተር ነኝ፤ የቀኑን ሒሳብ ሌሊት እዘጋለሁ። አጎቴና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው የፍራንቻይዝ ሆቴል፣ ማለትም በታወቀ ብራንድ ስም በውል የሚሠራ ሆቴል ሊገዙ ነው። እኔ ማኔጀር እንድሆንና ትንሽ ድርሻ እንድይዝ ይፈልጋሉ። የተሰጠንን ሰነድ ሳገላብጥ ግን በ3 ዓመት ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ባለቤት ቀይረዋል። ልሽሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቁጥሩ ብቻ አትሽሽ። ዓይንህ ያረፈው ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነው።

ሰነዱ ኤፍ ዲ ዲ ይባላል፤ ብራንዱ ስለ ራሱና ስለ ውሉ ለገዢ የሚያሳውቅበት ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ውል ከመፈረማችሁ ወይም ከመክፈላችሁ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ሊሰጣችሁ ግድ ነው። ያየኸው ሠንጠረዥ ከሰነዱ 23 ክፍሎች በ20ኛው ውስጥ ያለ ነው። ያለፉትን 3 የበጀት ዓመታት የባለቤትነት ዝውውር በየስቴቱ ያሳያል። ምክንያቱን ግን አይናገርም። ጡረታ ወጥቶ፣ አትርፎ የሸጠውም፣ ዕዳ አንቆት በርካሽ የለቀቀውም እዚያ እኩል «1» ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ ውረድ። ውላቸው የተቋረጠ፣ ያልታደሰላቸውና በሌላ ምክንያት የወጡ እዚያ አሉ። ዝውውሩ ብዙ፣ መውጫው ትንሽ ከሆነ የብራንዱ ስም አሁንም ገዢ አለው ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው ካደጉ ጠርጥር። ዓመቱንም ተመልከት። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ወለድ በ2022 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዜሮ አካባቢ ነበር፤ በ2023 አጋማሽ ከ5 በመቶ አለፈ። ብድር ርካሽ በነበረበት ጊዜ የሸጠና ብድሩን በአዲሱ ወለድ ማደስ አቅቶት የሸጠ አንድ አይደሉም። ከሠንጠረዡ ሥር ያሉትን ጥቃቅን ማስታወሻዎችም አንብብ። አሰልቺ ናቸው፤ ግን እዚያ የሚደበቅ ነገር አይጠፋም።

በሆቴል ግዢ ደግሞ ልብ ልትለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የሻጩ ውል ለገዢው አይተላለፍም። ገዢው እንደ አዲስ ያመለክታል፣ የማመልከቻ ክፍያ ይከፍላል፣ አዲስ ውል ይፈርማል። ብራንዱም ቤቱን አስመርምሮ የእድሳት ዝርዝር ያወጣል፤ ፒ አይ ፒ የሚሉት እሱን ነው። ምንጣፍ፣ አልጋ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የውጭ ምልክት፣ ምኑ ቅጡ! አንዳንድ ባለቤት የሚሸጠውም ይህ ወጪ ሲመጣበት ነው። በዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት። በርካሽ የተገኘ የሚመስለው ሆቴል ከእድሳቱ ጋር ሲደመር ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ ስልክህን አንሳ። እዚያው 20ኛው ክፍል ላይ ባለፈው የበጀት ዓመት ከሥራው የወጡ ባለቤቶች ስም፣ ከተማና ስልክ ቁጥር አለ። ለምን ወጣህ? እድሳቱ ከግምቱ በስንት በለጠ? ከእንግዶችህ ስንቱ በብራንዱ ሲስተም መጡ? ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ እንዳይናገር በውል ታስሮ ይሆናል። እንዲህ ያለ እገዳ ካለ ሰነዱ ራሱ መግለጽ አለበት።

አሁን ወዳንተ። ማኔጀርነቱን ዛሬ እሺ አትበል፣ እምቢም አትበል። መጀመሪያ ይህን የማጣራት ሥራ ስጡኝ በላቸው። የናይት ኦዲተር ሥራ የክፍል ገቢ ከየት እንደሚመጣና በየት በኩል እንደሚያፈስ በየሌሊቱ ያሳየሃል፤ ብዙ ገዢ ይህ ዕውቀት የለውም። የዊስኮንሲንና የሚኒሶታ ስቴቶች ድረ ገጾች ላይ የብዙ ብራንዶችን ኤፍ ዲ ዲ በነፃ ታገኛለህ። የሦስት ተፎካካሪ ብራንዶችን ዝውውርና መውጫ በኤክሴል ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ ከሥሩ ያንተን ትንታኔ በአንድ ገጽ ጻፍ። አጎትህ ባይገዛ እንኳ ይህን ይዘህ የሆቴል ደላላ ድርጅት፣ የንብረት አስተዳደር ኩባንያ ወይም ለሆቴል የሚያበድር ባንክ ውስጥ ለጀማሪ አናሊስትነት ማመልከት ትችላለህ። እኔ ብሆን ከማኔጀርነቱ ይልቅ ይሄኛውን መንገድ እመርጥ ነበር።

«ትንሽ ድርሻ» የሚለው ግን አሳስቦኛል። ብራንዱም ባንኩም ባለድርሻዎች በግላቸው ዋስ እንዲሆኑ ሊጠይቁ ይችላሉ። 5 በመቶ ይዘህ ለሙሉው ዕዳ ልትጠየቅ ትችላለህ ማለት ነው። በአጎት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ይሉኝታ እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም ከመፈረምህ በፊት የአጎትህ ሳይሆን የራስህ ጠበቃ የዋስትናውን ገጽ ያንብብልህ።