መልስ፦ ጊት ላይ ኮሚት ካደረግከው አልጠፋም
ጊት (የኮድ ለውጥ መዝግቦ የሚይዘው ፕሮግራም) ላይ «ጊት ሪሴት ሃርድ (ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመልሰው ትእዛዝ) ብዬ የሁለት ቀን ሥራዬ ድራሹ ጠፋ» ላልከው ወንድሜ፣ አይዞህ። ኮሚት አድርገኸው፣ ማለትም ለውጡን ጊት ላይ መዝግበኸው ከነበረ አለ። ጊት ሪፍሎግ (git reflog) በል፤ የነበርክባቸውን ኮሚቶች ዝርዝር ያሳይሃል። ከሪሴቱ በፊት ያለውን መስመር ፈልግ፣ መጀመሪያው ላይ ያለችውን አጭር ኮድ ኮፒ አድርግ፣ ከዚያ ጊት ብራንች (git branch) ብለህ ለአዲስ ቅርንጫፍ ስም ስጥና ኮዷን አስከትል፤ ሥራህን እንዳለ ታገኘዋለህ። ብቻ አትዘግይ፤ ሴቲንጉን ካልነካኸው እንዲህ ያለ ኮሚት ሪፍሎግ ላይ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ኮሚት ያልሆነውን ግን ሪፍሎግ አያውቀውም።

ሌላው፣ እኛ ጎንደር መብራት እልም ሲል ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። አንዴ አዘዞ ቁጭ ብዬ ሰርቨር አፕዴት ሳደርግ መሃል ላይ ተቆረጠብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስተካክል አደርኩ። ከዚያ ወዲህ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር መግቢያው) እንደገባሁ መጀመሪያ ቲመክስን፣ መስመር ቢቆረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀጥለውን ፕሮግራም፣ እከፍታለሁ። መስመሩ ሲመለስ እንደገና ገብተህ ቲመክስ አታች (tmux attach) ማለት ነው፣ ሥራው ሳይቋረጥ ይጠብቅሃል።