ልብ ወለዳችሁን እንዴት ትጽፋላችሁ? የእሑድ ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ጋሼ፦ እንደምን ዋላችሁ? ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ እስከ ማታ አለሁ። ስለ አጻጻፍ ሂደት ጠይቁኝ። ስለ ማተሚያ ቤትና ስለ ሽፋን ሌላ ቀን። አንዲት ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ረቂቃችሁን ሳትጨርሱ አታርሙ። ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሟታላችሁ።

ተማሪዋ (ስድስት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ ቢጋር፣ ማለትም የታሪኩን ንድፍ፣ ሠርቼ ልጀምር ወይስ ዝም ብዬ ልጻፍ? አንዱ ያለ ቢጋር አይሆንም ይለኛል፣ ሌላው ቢጋር ታሪክ ይገድላል ይለኛል።

ጋሼ፦ ሁለቱንም ሞክሪ። ግን ረጅም ልብ ወለድ ላይ አይሁን። አምስት ስድስት ገጽ የሚሆኑ ሁለት አጫጭር ታሪኮች ጻፊ። አንዱን በቢጋር፣ ሌላውን ከአንዲት ምስል ተነስተሽ። ሁለቱንም ጨርሺ። ከዚያ የትኛው እንዳማረ አትጠይቂ። በማግስቱ ወደ ጠረጴዛው የመለሰሽ የትኛው ነው? እሱን ያዥ። እኔ መጨረሻውን ካላወቅሁ መሐል ላይ እቆማለሁ። ስለዚህ የመጨረሻውን ትዕይንት በአንድ አንቀጽ እጽፍና ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። ሌላ ቢጋር የለኝም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ መጨረሻውን ካወቀ ታሪኩ ይበርድበታል፣ ይተወዋል። እሱም በራሱ መንገድ ይጨርሳል፣ እኔም በራሴ።

የባንኩ ልጅ፦ ሥራዬ ለገሃር ነው፣ ቤቴ ሩቅ ነው። ቤት ስደርስ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። መቼ ልጻፍ?

ጋሼ፦ ከሥራ ስትወጣ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ በእግርህ ሂድ። ስልክህን ጆሮህ ላይ አድርገህ አንዱን ትዕይንት ለጓደኛህ እንደምታወራው እያወራህ ቅዳው። ሰው ስልክ የምታወራ ይመስለዋል። ቅዳሜ ቁጭ ብለህ ገልብጠው።

አዲስ ገቢ፦ ጎበዝ ደራሲ ለመሆን ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ይሄ ሰፊ ነው፣ ልመልሰው አልችልም። ምን ጽፈህ የት ላይ ቆምክ? እሱን ይዘህ ና።

የካዛንቺሷ እናት፦ ጋሼ፣ ታሪኬን ያነበቡልኝ ሰዎች ምልልሱ ደረቅ ነው ይሉኛል። አራት ጊዜ አረምኩት። አሁንም ያው ነው።

ጋሼ፦ እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነኩ። ያረሙት በዓይንዎ ነው። በጆሮዎ ይረሙት። ረቂቁን ለሌላ ሰው ይስጡና ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። እርስዎ እርሳስ ይዘው ዝም ብለው ያዳምጡ። አንባቢው የተደናቀፈበትን ሁሉ ያስምሩ።

ለምን በሌላ ሰው አፍ? ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። አንዲት ልጅ ባመጣችልኝ ረቂቅ ላይ «‹አባቴ አለ› ብላ ዝም አለች» የሚል ነበር። ጸሐፊዋ ለራሷ ስታነብ «አለ»ን ታጠብቀዋለች፤ አባትየው ቤት ውስጥ ነው። ታናሽ እህቷ ስታነበው አላላችው። አባትየው አንድ ነገር ተናገረ ማለት ሆነ። ትዕይንቱ በሙሉ ተገለበጠ። «ይሰማል»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ ሰውየው ይሰማል፣ ሲጠብቅ ድምፁ ይሰማል። ጸሐፊው ልቡ ስለሚያውቀው መቼም አይታየውም። ያቺ ልጅ «አባቴ ጓዳ ነው» ብላ አስተካከለችው። አለቀ።

ሁለተኛ፣ አማርኛ ውስጥ አጠራሩ ራሱ ድርጊት ነው። ሌላ ረቂቅ ላይ አንድ ተከራይ አከራይዋን ሁለት ምዕራፍ ሙሉ «እርስዎ» ሲላቸው ቆይቶ፣ ቤት ልቀቅ ያሉት ማታ «አንቺ» አላቸው። ከሥሩ «በንዴት ጮኸ» ተብሎ ተጨምሮ ነበር። አስወጣነው። «አንቺ» ሁሉንም ተናግራለች። ምልልስ ደረቀ ሲባል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ማብራሪያ በዝቶ ነው።

በ1958 የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ስንቱ ሰው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ሰው ጉዱ ካሣን ያውቀዋል። አንባቢያችን ከጆሮው ጋር ነው የሚያነበው። እባካችሁ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት።

የፒያሳው ልጅ፦ እኔ ግን በእጅ ያልተጻፈ ልብ ወለድ ነፍስ የለውም ባይ ነኝ።

ተማሪዋ፦ እኔ ሁሉንም ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው። ነፍስ የለውም ማለት ነው?

የፒያሳው ልጅ፦ ስልክሽ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅስ?

ተማሪዋ፦ ደብተርህን ዝናብ ቢያገኘውስ? እኔ ቢያንስ ለራሴ እልከዋለሁ።

የባንኩ ልጅ፦ በእጅ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ ያቅተኛል።

የፒያሳው ልጅ፦ እሱ የጽሕፈት ችግር ነው እንጂ የደብተር አይደለም።

ጋሼ፦ በቃ፣ በቃ። በደብተርም በስልክም የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ብቻ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቀጥሉ።

ዝምተኛው፦ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ 11 ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ የለም።

ጋሼ፦ ሳትጨርስ አታርም! ወንድሜ፣ እየተቆጣሁህ አይደለም። እኔም በዚህ በሽታ ዓመታት አጥቻለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግርህ የመጨረሻው ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልተጻፈም። ዛሬ ማታ ምዕራፍ አንድን ለሰው ስጥና አስቀምጥልኝ በል። የሚጎድል ነገር ካለ በቅንፍ «እዚህ የሠርጉ ቀን ይግባ» ብለህ እለፈው። ሌላም ዘዴ አለ። ስታቆም ዓረፍተ ነገሩን አትዝጋው። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይመቻል። «ደብዳቤውን ከትራሱ ሥር አውጥታ ለእናቷ» ብለህ ተነሥ። ሰጠች? አነበበች? ደበቀች? ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ግስ ትፈልግሃለች። ጠዋት ባዶ ገጽ አይጠብቅህም።

ሌላ አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ለልብ ወለድ ቢጋር ግዴታ ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዋ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

የፒያሳው ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። የምጽፈው ዶሮ ማነቂያ አካባቢ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ነበር። ጥግ ላይ ያለችው ወንበር የኔ ነበረች። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ገጽ አልጻፍኩም።

ጋሼ፦ ቦታ ምንም አይደለም ብዬ አላቃልልብህም። ሰውነት ቦታን ይለምዳል። እዚያች ወንበር ላይ ስትቀመጥ እጅህ ራሱ ብዕር ይፈልግ ነበር። አሁን ሌላ ምልክት አስለምደው። ሰዓቱን አትቀይር። ያኔ ከንጋቱ 1 ሰዓት ከነበረ ዛሬም 1 ሰዓት ይሁን። የምትጠጣው ማኪያቶ ከነበረ ማኪያቶ ይሁን። ጸጥታ ስትፈልግ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልህ፤ የሰው ድምፅ ከፈለግህ ሌላ ቡና ቤት ፈልግ፣ ግን ለአንድ ወር አትለዋውጥ። የመጀመሪያው ገጽህም ያችው ቤት ትሁን። በሯ ሲከፈት ምን ይል ነበር? ቡናው ሲፈላ ማን ይጣራ ነበር? ወንበሯ በየትኛው እግሯ ትነቃነቅ ነበር? ታሪክ አታድርገው። የምታስታውሰውን ብቻ ጻፍ።

የፒያሳው ልጅ፦ በግራ በኩል ባለው የኋላ እግሯ። ካርቶን አጥፌ እሰካባት ነበር።

ጋሼ፦ በል እንግዲህ፣ እሱን ጻፈው።

አዲስ ገቢ፦ ለማሳተም ስንት ብር ያስፈልጋል?

ጋሼ፦ ዛሬ አይደለም።

የካዛንቺሷ እናት፦ ጋሼ፣ ልጄ አሁን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሦስት ቦታ ላይ ቆመች። አንዱ ላይ ደግሞ «እማዬ፣ ይሄ እኮ አንቺ የምታወሪው ነው፣ ሴትየዋ እንዲህ አታወራም» አለችኝ።

ጋሼ፦ ጎበዝ ልጅ! ያንን ዓረፍተ ነገር እስቲ እዚህ ይጻፉልን፤ ሴትየዋም ማን እንደሆነች ይንገሩን።